«ጋሼ፣ ይሄ ይጋጫል» ሲሏችሁ

ሐሙስ ማታ እኛ ቤት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አለ። አንድ ቀን ቡናው እየተቆላ አንዱ ወጣት ስልኩን ወደኔ አዞረ። «ጋሼ፣ ቲክቶክ ላይ አየሁት። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ልጁ አባቱን በሁለት ዓመት ይበልጠዋል» አለኝ። ሰው ሁሉ እኔን ማየት ጀመረ። ላለመሸነፍ ብዬ ቀባጠርኩ። «በዚያ ዘመን የዓመት አቆጣጠሩ ሌላ ነበር» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም። ልጁ «እሺ» አለ። እሺታው ግን ያመነ ሰው እሺታ አልነበረም።

መጽሐፍ ቅዱስ ስሕተት የለበትም ብዬ አምናለሁ። እንጀራዬ ደግሞ ሒሳብ ነው። ሒሳብ አልዘጋ ሲለኝ ቁጥር ፈጥሬ አልሞላም። ያን ማታ ግን በእግዚአብሔር ቃል ላይ ያንኑ አደረግኩት። እንግዶቹ ሲሄዱ ደብተር አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምሠራው።

ከስልኩ አትጀምሩ። የተጋጩትን ሁለት ቦታዎች ከመጽሐፉ አውጡ፤ ከላይም ከታችም ጨምራችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ቁጥር ካለበት ወረቀት ላይ አስፍሩት። የኔው ጉድ እንዲህ ነበር። 2ኛ ዜና 21፥20 ላይ ንጉሥ ኢዮራም በ32 ዓመቱ ነገሠ፣ 8 ዓመት ገዛ፣ ሞተ ይላል። በ40 ዓመቱ መሆኑ ነው። ወዲያው ልጁ አካዝያስ ተተካ። በዕብራይስጡ 22፥2 ላይ አካዝያስ ሲነግሥ 42 ዓመቱ ነው። ያውም የመጨረሻው ልጅ! 2ኛ ነገሥት 8፥26 ደግሞ 22 ይለዋል።

እንግዲህ አስቡት። አባትየው በ40 ዓመቱ ሞተ ብሎ የጻፈ ጸሐፊ፣ ሁለት ቁጥር እልፍ ብሎ ልጁን 42 አይለውም። እጁን የሳተው ገልባጭ ነው። ጥንታዊው የሶርያ ትርጉምና አንዳንድ የግሪክ ቅጂዎች እዚያው ዜና መዋዕል ላይ 22 ይላሉ። የራሳችሁን መጽሐፍ ቅዱስ ስትገልጡ የግርጌ ማስታወሻ ካለው አትዝለሉት። ብዙ ሰው ዓይኑ እዚያ አይወርድም።

«አሃ! ታዲያ ስሕተት አለበታ!» ይሏችኋል። እዚህ ጋ ረጋ በሉ። በ1978 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የተሰበሰቡ ከ200 በላይ የወንጌላውያን መሪዎችና ምሁራን ስለዚሁ እምነት ባለ 19 አንቀጽ መግለጫ ፈርመዋል። 10ኛው አንቀጽ ቃሉን በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ያቆመዋል። ቅጂና ትርጉም የእግዚአብሔር ቃል የሚሆነው ለዚያ ለመጀመሪያው ታማኝ በሆነው ልክ ነው ይላል። የኔ ቢጤ ሒሳብ ሠራተኛ ይሄ አይከብደውም። ፎቶ ኮፒው ላይ 2 ቁጥር 4 መስሎ ቢወጣ ሻጩን ሌባ አንለውም።

«ዋናው ደረሰኝ የታለ ታዲያ?» ብሎ የሚጠይቅ ይመጣል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አትቆጡት። ዋናው በእጃችን የለም። ቅጂው ግን ብዙ ነው። ብዙ ስለሆነም አንዱ ሲስት ሌላው ያሳብቅበታል። አካዝያስን ያገኘነው በዚሁ መንገድ አይደል?

ሁለተኛው ነገር ቋንቋ ነው። ሐዋርያት 9፥7 ላይ ከሳውል ጋር የሄዱት ሰዎች ድምፁን ሰሙ። 22፥9 ላይ ግን አልሰሙም። ይሄን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት ይቀላል። «ኦሮምኛ ትሰማለህ?» ሲሉኝ ስለ ጆሮዬ እየጠየቁኝ አይደለም። የግሪኩም «መስማት» መረዳትን ይጨምራል። ድምፁ ደርሷቸዋል፣ የተባለው አልገባቸውም ብሎ መረዳት ይቻላል። እኔ ይሄን ሳስረዳ ግሪክኛ የማውቅ መስዬ አልታይም። አማርኛዬ ይበቃኛል።

የመዝሙር ቁጥር ላይ ደግሞ በከንቱ አትጣሉ። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» ለእሷ 22 ነው፣ ለኔ 23። ግእዙ የግሪኩን አቆጣጠር ይከተላል፤ የኛው የዕብራይስጡን። መዝሙሩ ያው ነው።

አንድ የማልወደው ነገር አለ። ማርቆስ ላይ ዶሮው ሁለቴ ይጮኻል፣ ሌሎቹ ወንጌሎች ላይ ግን ሁለቴ አይባልም፤ ይሄን ለማስታረቅ ብለው ጴጥሮስን ስድስት ጊዜ የሚያስክዱት ሰዎች አሉ። ሦስቱ መች አነሰው! አራቱም ወንጌሎች ሦስት ነው የሚሉት። መጽሐፉን ለማዳን መጽሐፉ ያላለውን መጨመር ምን የሚሉት ነው?

እና ያልተፈታ ሲኖር አልተፈታም በሉ። ደብተሬ ላይ በእርሳስ የጻፍኩት አንድ ገጽ አለ። ማርቆስ 15፥25 ጌታ ሲሰቀል ሦስት ሰዓት ነበረ ይላል። ዮሐንስ 19፥14 ላይ ጲላጦስ ገና ሳይፈርድ ስድስት ሰዓት ያህል ነው። የኛ ሰዓት አቆጣጠር እንደነሱ ከጠዋት ስለሚጀምር እንደ ፈረንጁ ስድስት ሰዓት መደመር አያስፈልገንም። ክፍተቱ ግን ቁልጭ ብሎ ይታየናል። ዮሐንስ እንደ ሮማውያን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ቆጥሮ ነው የሚሉ አሉ፤ ለኔ አልተዋጠልኝም። በ4፥6 ላይ ኢየሱስ ደክሞት ጉድጓዱ አጠገብ የተቀመጠው ስድስት ሰዓት ያህል ሲሆን ነው፤ እኔ የማነበው የቀትር ፀሐይ አድርጌ ነው። እኔ የያዝኩት «ያህል» የምትለዋን ቃል ነው። የእጅ ሰዓት በሌለበት አገር ረፋዱን አንዱ ወደ ሦስት፣ ሌላው ወደ ስድስት ሊያስጠጋው ይችላል። የቺካጎው መግለጫ 13ኛ አንቀጽም የዘመናችንን የቴክኒክ ጥራት ከመጽሐፉ አትጠብቁ ይላል። ቢሆንም እርሳሱን በእስክሪብቶ አልደገምኩበትም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ልጁን ሰው ሁሉ እየሰማ «ያን ቀን ከራሴ ፈጥሬ ነው የነገርኩህ» አልኩት። ደብተሩንም ሰጠሁት። ገልበጥ ገልበጥ አደረገና የእርሳሷን ገጽ ሲያገኝ ሳቀ።

አሁን የራሱ ደብተር አለው። ባለፈው ሳምንት ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ጋሼ፣ ዛሬ የይሁዳን አሟሟት ይዤ መጥቻለሁ። ማቴዎስ 27 እና ሐዋርያት 1» አለኝ።

«ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ አቦሉ ይድረስ» አልኩት።