ባይኖኩላሩ ለምን ጨለመብኝ? የሁለት ባይኖኩላር ብርሃን ሲወዳደር የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በቀትር እኩል ናቸው፤ ሲመሽ አንዱ ይጨልማል

ጎንደር ጎሃ ኮረብታ ላይ ቆመው የፋሲልን ግንብ በቀትር ካዩት 10×25 እና 8×42 ባይኖኩላሮች ብዙም አይለያዩም (የመጀመሪያው ቁጥር ማጉያው፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ወርድ በሚሊሜትር ነው)። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ግን በመጀመሪያው ግንቡ ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናል፤ በሁለተኛው ድንጋዩ ከድንጋይ ይለያል።

ምክንያቱ ከዓይን ሌንሱ የሚወጣው የብርሃን ክብ ነው። ባይኖኩላሩን በክንድ ርቀት ይዘው ወደ ሰማይ ያዙሩት፤ ወደ ፀሐይ ግን በፍጹም። በዓይን ሌንሱ መሃል ትንሽ ነጭ ክብ ያያሉ። ወርዱ ሁለተኛው ቁጥር ለመጀመሪያው ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ለ8×42 5.25 ሚሊሜትር፣ ለ10×25 2.5 ሚሊሜትር። በቀትር የዓይናችን ብሌን ወደ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ስለሚጠብ የትልቁ ክብ ትርፍ ወደ ዓይን አይገባም። ሲመሽ ብሌኑ ይሰፋል፤ ያኔ ትንሹ ክብ አይሞላውም። ልዩነቱ በወርዱ ሳይሆን በስፋቱ ስለሚታሰብ 8×42 ከ4 እጥፍ በላይ ብርሃን ያደርሳል።

ዋልያን በንጋት ወይም ቀይ ቀበሮን በምሽት ለመፈለግ ወደ ስሜን የሚወጣ ሰው ክቡ ከ4 ሚሊሜትር ያነሰ ባይኖኩላር ባይዝ ይሻላል። 7×50 (7.1 ሚሊሜትር) ደግሞ ለሁሉም አይጠቅምም። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ብሌን ብዙ ጊዜ ከ5 ሚሊሜትር ገደማ በላይ አይሰፋም፤ የቀረው ክብደት መሸከም ብቻ ነው።

ቁጥራቸው አንድ ነው፤ ግን አንዱ ደብዛዛ ነው

እዚህ ላይ ገዢው ብዙ ይታለላል፤ ስለዚህ በቅደም ተከተል ይፈትሹ።

መጀመሪያ ሽፋኑን፣ ማለትም ነጸብራቅ እንዲቀንስ ሌንሱ ላይ የተቀባውን ስስ ንብርብር። የፊት ሌንሱን ከአምፖል ስር ዘንበል አድርገው ነጸብራቁን ይዩ። ደብዛዛ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ ሽፋን አለው፤ እንደ መስኮት መስታወት ነጭ ካብረቀረቀ የለውም። ሽፋን የሌለው እያንዳንዱ የመስታወት ገጽ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል። ብርሃኑ 10 ገጽ ካለፈ የሚተርፈው 66 በመቶ ገደማ ነው። ገጹ ግማሽ በመቶ ብቻ የሚመልስ ጥሩ ባለብዙ ንብርብር ሽፋን ካለው ግን 95 በመቶ ይተርፋል። የዓይን ሌንሱንም እንዲሁ ይዩት፤ ርካሾቹ የሚሸፍኑት ከፊት የሚታየውን ብቻ ነው። «ለሌሊት» እየተባለ የሚሸጠውን እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ቀይ ሌንስ አይግዙ። ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ ስለሚመልስ ምስሉ ይጨልማል፣ ቀለሙም ይዛባል።

ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር እውነት መሆኑን። አንዳንዱ 50 ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ ብርሃኑን የሚያጠብ ቀለበት አለበት። ባይኖኩላሩን ሩቅ ነገር ላይ አጥርተው ጨለማ ክፍል ውስጥ ያስቀምጡት። የስልክዎን መብራት ከዓይን ሌንሱ ግማሽ ሜትር ያህል ርቀው በቀጥታ ያብሩበት፤ ከፊት ሌንሱ አጠገብ ነጭ ወረቀት ይያዙና የሚያርፈውን ክብ በማስመሪያ ይለኩ። 50 የተባለው 35 ካሳየ ባይኖኩላሩ 35 ነው፤ ዋጋውንም በዚሁ ይደራደሩ።

በመጨረሻ ፕሪዝሙን፣ ማለትም በቱቦው ውስጥ ብርሃኑን የሚያጥፈውን መስታወት። ቱቦው ቀጥ ያለው ባይኖኩላር ብዙ ጊዜ ውስጡ እንደ መስታወት የተቀባ ገጽ ይፈልጋል። ቅቡ አልሙኒየም ከሆነ 10 በመቶ ያህል ብርሃን ይቀርበታል፤ ብር ከሆነ ያነሰ። ትከሻው የሰፋው የድሮ ቅርጽ ይህ ቅብ አያስፈልገውም። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ትከሻ ሰፊውን ይምረጡ።

ብሩህ የነበረው ዛሬ ወተት የለበሰ ይመስላል

ከስሜን ብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገቡ የሚመጣው ጉም ከሆነ ከቦርሳው ሳያወጡ ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። ካልለቀቀ በአንድ በኩል መብራት አብርተው በሌላው ይመልከቱ። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካዩ ሻጋታ ነው፤ ከክረምቱ እርጥበት የመጣ። ራስዎ አይፍቱት። ሁለቱ ቱቦዎች አንድ አቅጣጫ ማየታቸው ከተዛባ ምስሉ ሁለት ይሆናል፣ ራስም ያሳምማል። ማስተካከያ መሣሪያ ላለው ባለሙያ ይስጡት። ከሰኔ እስከ መስከረም በቆዳ ማኅደር ውስጥ አይዝጉበት፤ አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ሣጥን እርጥበት ከሚመጥ ደረቅ ሲሊካ ጄል ጋር ያስቀምጡት።

የውጭውን አቧራ መጀመሪያ በአየር ይንፉት፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ፣ በመጨረሻ በሌንስ ጨርቅ። በነጠላ ጫፍ ማሸት አሸዋውን ሽፋኑ ላይ መፈተግ ነው።

ጥቁር ጥላ ከጠርዝ እየገባ ያስቸግራል

ይህ የብርሃን ማነስ አይደለም። በሁለቱ ዓይኖች የሚያዩዋቸው ሁለት ክብ ምስሎች አንድ እስኪሆኑ በቱቦዎቹ መሃል ያለውን ማጠፊያ ያስተካክሉ። መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ የዓይን ጎማውን ወደ ታች ያጥፉት።

የስልክ ፎቶ ሌላ ነገር ይናገራል

ስልኩ ብርሃኑን በራሱ ስለሚያስተካክል ደብዛዛውንም ብሩህ ያደርገዋል። ይህን ማስተካከያ ቢቆልፉትም የካሜራው ቀዳዳ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ 5.25ቱን ክብ ሙሉ አይቀበልም። በዓይን ያወዳድሩ። ማጉያቸው እኩል የሆኑትን ይዘው፣ ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቀው፣ በጥቂት ሰከንድ ልዩነት እያፈራረቁ። ጎንደር ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ብርሃን 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሁሉን አስቀድመው ያዘጋጁ። ጊዜ ከጠበበዎ በቀንም ፈቃድ ጠይቀው የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ይዩ። ከውጭው ይልቅ ጨለም ያለ ነው፣ ብርሃኑም ቶሎ አይለዋወጥም። የመላእክቱን ዓይንና ቅንድብ ለይቶ የሚያሳየው ባይኖኩላር በምሽትም የተሻለው ነው።