የወፍጮ ዘንግ ድሮዊንግ አነባበብ ለቶርኖ ሠራተኞች

ከመርካቶ እስከ ልደታ ባሉት ቶርኖ ቤቶች (ብረት እያሽከረከሩ በሚቀርጹት) ብዙው ሥራ የሚመጣው በናሙና ነው። የተበላ ዘንግ ይመጣል፣ ይለካል፣ እሱን የመሰለ ተሠርቶ ይወጣል። የተበላ ዕቃ ግን አዲስ ሳለ ስንት እንደነበረ አይናገርም። ያንን የሚናገረው ድሮዊንጉ፣ ማለትም የዕቃው የቴክኒክ ሥዕል ነው። አነባበቡን በአንድ የወፍጮ ዘንግ እንየው፦ ርዝመቱ 420 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ 6206 የተባለ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ተሸካሚ) ይቀመጥበታል፤ ጫፉ ወደ 28 ቀጥኖ ፑሊ (የቺንጋ መንኮራኩር) ይገባበታል።

መጀመሪያ ወረቀቱን ራሱን መርምሩ። ደንበኛው በቴሌግራም ፎቶ አንስቶ ከላከ ነጥብና ኮማ ይጠፋሉ፤ ፒዲኤፉን አስልኩ። ኤ3 ሆኖ የተሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት በኤ4 ከታተመ ሁሉም መስመር ወደ 71 በመቶ ይወርዳል፤ ስለዚህ ወረቀት ላይ ማስመሪያ አስቀምጦ መለካት ፈጽሞ አይገባም። የጎደለ ልኬት ካለ ከሌሎቹ ተደምሮና ተቀንሶ ይገኛል። ካልተገኘ ድሮዊንጉን ያወጣውን ሰው ጠይቁ። በጀርመን ድሮዊንግ 25,4 ተብሎ በኮማ የተጻፈው 25.4 ነው። በኢንች የተሠራ ከሆነ ደግሞ 1.250 ማለት 31.75 ሚሊ ሜትር ነው።

ቀጥሎ በቀኝ በኩል ከታች ያለውን ሰንጠረዥ አንብቡ። የልኬቱ መለኪያ፣ የብረቱ ዓይነት፣ ስንተኛ እርማት እንደሆነና አጠቃላይ ቶለራንሱ (ከተጻፈው ልኬት የሚፈቀደው ልዩነት) እዚያ አሉ። ብረቱ ሲ 45 (መካከለኛ ካርቦን ያለው ብረት) ከተባለ ከምናለሽ ተራ የተገኘ ቁራጭ ሲ 45 ይሁን አይሁን በዓይን አይለይም፤ ለስላሳ ብረት ከሆነ ዘንጉ በጭነት ይጣመማል።

እዚያው ሰንጠረዥ ውስጥ ጫፉ የተቆረጠ ሾጣጣና ሁለት ክብ ያለበት ትንሽ ምልክት አለ። ብዙ ሰው ያልፈዋል። ክቦቹ ከሾጣጣው በስተቀኝ ከሆኑ ፈርስት አንግል ነው፦ ከላይ የታየው ከታች ይሳላል፣ ከግራ የታየው በቀኝ ይሳላል። ክቦቹ በስተግራ ከሆኑ ሰርድ አንግል ነው፤ እያንዳንዱ እይታ በታየበት በኩል ይቀመጣል። ክብ ዘንግ ላይ ስህተቱ ላይጎዳ ይችላል። የኩሽኔታ መያዣ ላይ ግን ቀዳዳዎቹ በተቃራኒው ጎን ይወጣሉ፤ ያ ብረት ደግሞ ተመልሶ አይስተካከልም።

መስመሮቹ ብዙ አያስቸግሩም። ወፍራሙ የሚታይ ጠርዝ ነው፤ የተቆራረጠው የተደበቀ ጠርዝ ነው፤ ቀጭኑ ሰረዝና ነጥብ መሐል ለመሐል የሚያልፍ የመሐል መስመር ነው። በ45 ዲግሪ የተጋደሙ ቀጫጭን መስመሮች ያሉበት ቦታ ተቆርጦ የታየ ብረት ነው። ዘንግና ብሎን ግን በቁመታቸው ተቆርጠው አይሳሉም፤ መስመር ስለሌለባቸው ባዶ ናቸው እንዳትሉ።

ከባዱ ቶለራንሱ ነው። 420 አጠገቡ ምንም ካልተጻፈና ሰንጠረዡ አይሶ 2768 ኤም (የአጠቃላይ ቶለራንስ ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ መካከለኛው ምድብ) ካለ፣ ከ419.2 እስከ 420.8 ያለው ሁሉ ያልፋል። የኩሽኔታው መቀመጫ ግን 30 ትንሹ ኬ 6 (በትንሹ k የሚጻፍ የቶለራንስ መለያ) ተብሎ ይጻፋል፤ ከ30.002 እስከ 30.015 ማለት ነው። ልዩነቱ 0.013 ብቻ ስለሆነ በ0.02 የሚያነብ ካሊፐር አይሆንም፤ ከ25 እስከ 50 የሚለካ ማይክሮሜትር ያስፈልጋል። የተለመደው 6206 የውስጥ ቀዳዳው ከ29.990 እስከ 30.000 ስለሆነ ዘንጉ ሁልጊዜ ጠበቅ ብሎ ይገባል። 29.98 ካወጣችሁት ግን ቀለበቱ ዘንጉ ላይ ይሽከረከራል፣ ይሞቃል፣ ዘንጉን ይበላዋል።

ብረቱ ሳይቀዘቅዝም አትለኩ። 30 ሚሊ ሜትር ብረት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 0.01 ገደማ ይሰፋል። ሞቆ 30.010 ያሳየው ቀዝቅዞ 30.000 ይሆናል፤ ያም ከወሰን በታች ነው።

መቀመጫው ከትከሻው (ዘንጉ ከሚወፍርበት እርከን) ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ ያለውን አር 1 (ራዲየስ 1 ሚሊ ሜትር) ተመልከቱ። የጥጉ ክብነት ከ1 ከበለጠ የ6206 ጠርዝ እዚያው ይቀራል እንጂ ትከሻው ላይ አያርፍም። ስለታም ጥግ ከተተወ ደግሞ ዘንጉ የሚሰነጠቀው ከዚያ ጀምሮ ነው። ስለዚህ የቢላዋው ጫፍ ከሥራው በፊት በልኩ ይሞረድ።

የፑሊው ቁልፍ (ፑሊውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ቁራጭ ብረት) መግቢያ ወርዱ 8፣ ጥልቀቱ 4 ነው። ብዙ ጊዜ ግን ድሮዊንጉ ላይ የሚጻፈው 24 ነው፤ ከመግቢያው ወለል እስከ ተቃራኒው የዘንግ ጎን ያለው ርቀት፣ 28 ሲቀነስ 4። ጥልቀት መስሎት ፍሬዛው (መግቢያውን የሚቆርጠው ማሽን) ላይ የሚሳሳት አለ።

ርዝመቶች ከየት እንደሚነሱም ልብ በሉ። ሁሉም ከአንድ ጫፍ ከተጻፉ ከዚያ ጫፍ ለኩ። አራት ርዝመት ተከታትሎ እያንዳንዱ 0.3 ቢስት መጨረሻው 1.2 ሊስት ይችላል፤ ያኔ ሁለቱ ኩሽኔታዎች ከመያዣዎቻቸው ጋር አይገጥሙም።

ቶርኖው ላይ ስትወጡ የመስቀለኛው እጀታ (ቢላዋውን ወደ ብረቱ የሚያስገባው) ቁጥር ዲያሜትር ነው ወይስ ራዲየስ የሚለው መታወቅ አለበት። ከዲያሜትር 0.10 ለማንሳት በአንዱ ማሽን 0.10፣ በሌላው 0.05 ነው የሚዞረው። ገና ትርፍ ባለበት ቦታ ቁረጡ፣ ለኩ፣ ከዚያ ወደ 30ው ግቡ። የተነበበውንና የተለካውን እያንዳንዱን ልኬት በባለቀለም እስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት፤ ምልክት የሌለው ልኬት እያለ ዘንጉ ከማሽኑ አይውረድ፤ አንዴ ከወረደ መልሶ በትክክል መሐሉን ማግኘት ከባድ ነው።