በጃፓን ገጠር በእግር ለመጓዝ፦ ከጎጃም ለሚነሣ መንገደኛ

ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደ ጃፓን የሚሄድ የጎጃም ሰው፣ ከትልልቆቹ ከተሞች ወጣ ብሎ የገጠሩን ተራራ በእግሩ ሳያይ ባይመለስ እመኛለሁ። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጮቄን የሚያውቅ የደጋ ሰው ከዚህ በታች በምጠቅሳቸው መንገዶች ትንፋሽ አያጥረውም፤ ዳገቶቻቸው ከ1000 ሜትር በታች ናቸውና። አስቀድሞ መጠናት ያለባቸው ወቅቱና ሰዓቱ ናቸው።

በእኛ አገር መስከረም ሲጠባ ዝናቡ እየቀነሰ፣ አደይ አበባም ሜዳውን እየሸፈነ ስለሚሄድ ወሩ ለጉዞ የተመቸ ይመስለናል። በጃፓን ግን ከሰኔ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ከሚዘልቀው ዝናብ በኋላ፣ በነሐሴና በመስከረም ታይፉን የሚባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ይመጣል፤ በዚያ ጊዜ የተራራ መንገዶች በናዳ ሊዘጉ ይችላሉ። ስለዚህ ቅጠሉ የሚቀላበትን ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለውን ጊዜ፣ አለዚያም ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት አጋማሽ ያለውን ይምረጡ። ከሚያዝያ 21 እስከ 27 አካባቢ ግን የሕዝብ በዓላት ስለሚደራረቡ ማረፊያ ማግኘት ያስቸግራል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጓዝ ሰው በኪሶ ሸለቆ ከማጎሜ እስከ ትሱማጎ ያለው 8 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይበቃል። ይህ መንገድ ኪዮቶን ከዛሬዋ ቶኪዮ ጋር ያገናኝ የነበረውና 69 ማረፊያ መንደሮች የነበሩት የናካሴንዶ ክፍል ነው። ከናጎያ በባቡር እስከ ናካትሱጋዋ፣ ከዚያም በአውቶቡስ እስከ ማጎሜ ይደረሳል። ማጎሜ ከትሱማጎ ከፍ ያለች በመሆኗ ከእርሷ የተነሣ ሰው ዳገቱ ያጥርለታል፤ ጉዞውም ከሦስት ሰዓት ብዙ አያልፍም።

ረዘም ያለ ጉዞ ለሚሻ፣ በዋካያማ የሚገኙት የኩማኖ ኮዶ ጥንታዊ የምእመናን መንገዶች አሉ። በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከእነዚህ መካከል ናካሄቺ የሚባለው ከታኪጂሪ እስከ ሆንጉ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ብዙ ሰው በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው በአውቶቡስ እስከ ሆሺንሞን ሄዶ፣ በሻይ ማሳዎችና በዝግባ ደን መካከል 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሆንጉ ቢወርድ ከሁሉ የሚያምረውን ክፍል አየ ማለት ይቻላል።

ሰዓትን በተመለከተ አጥብቄ የማሳስበው ነገር አለ። በጎጃም ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ በኅዳር ወር በዋካያማ ግን 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፣ በደኑ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ ይጨልማል። የአውቶቡሱ ሰሌዳ 16:30 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10:30 ነው፤ ከቀትር በኋላ ካለው ቁጥር ሁልጊዜ ስድስት ይቀንሱ። የገጠር አውቶቡስ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚመላለስ፣ ጠዋት ከመነሣትዎ በፊት የመጨረሻውን ሰዓት ጽፈው ይያዙ።

የጥንቱ መንገድ ንጣፍ ድንጋይ ሽበት በቅሎበት በዝናብ ጊዜ ክፉኛ ያንሸራትታልና ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማና ዱላ ያስፈልጋል። በአገራችን የሌለው ድብ በዚያ ደን ውስጥ ስላለ ከቦርሳ ላይ ቃጭል ማንጠልጠል ልማድ ነው፤ ድምፁን የሰማ ድብ አብዛኛውን ጊዜ ይርቃል። ቆሻሻዎን ይዘው ይመለሱ። ለአደጋ ጊዜ አምቡላንስ የሚጠራበት ቁጥር 119 ነው።

ቤተሰብ የሚያስተዳድራቸው የገጠር ማረፊያዎች እራትና ቁርስ ስለሚያቀርቡ አስቀድመው ይያዙ፣ ከ11 ሰዓት በፊትም ይድረሱ፤ በብዙዎቹ በጥሬ ገንዘብ መክፈል ያስፈልግ ይሆናል። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ጿሚው ሥጋ አልበላም ብሎ ብቻ ማስታወቅ አይበቃውም፤ ሾርባውና ወጡ ሁሉ ዳሺ በሚባል የዓሣ መረቅ ይሠራልና። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና የዓሣ መረቅ እንደማይበላ በጃፓንኛ አስጽፎ፣ ማረፊያውን ሲይዝ መላክ አለበት። ለዚህ የሚመቸው በዚያው በዋካያማ የሚገኘው የኮያ ተራራ ነው፤ የቡድሃ ገዳማቱ ለእንግዶቻቸው ሥጋም ዓሣም የሌለበትን የመነኮሳት ምግብ ያቀርባሉ።