የለ ኮርቡዚዬን አሮጌ መጽሐፍ ስትገዙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

አርክቴክቱ ለ ኮርቡዚዬ በ1923 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ ላይ ያሳተመው "Vers une architecture" (ወደ አርክቴክቸር) የተባለው መጽሐፍ ዛሬም ከአርክቴክቸር ተማሪ እጅ አይጠፋም። የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ያገለገለ ቅጂ በቀላሉ ይገኛል። ችግሩ፣ ብዙ ሰው ውስጡን ሳያገላብጥ መግዛቱ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት በቁጥር መታለል ነው። መጽሐፉን ገለጥ አድርጋችሁ 1931 የሚል ካያችሁ አትቸኩሉ። ዶቨር የተባለው አሜሪካዊ አሳታሚ በ1986 ያወጣው ርካሽ እትም፣ ጆን ሮድከር ለንደን ላይ በ1931 ያሳተመውን መልሶ ማተሙን ይገልጻል። ቁጥሩ የመጣው ከዚያ ነው። አረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብቡት። "የ1923 የመጀመሪያ እትም ነው" የሚል የፈረንሳይኛ ቅጂ ካጋጠማችሁ ደግሞ የደራሲውን ስም ተመልከቱ። በመጀመሪያው እትም ላይ የተጻፈው "ለ ኮርቡዚዬ-ሶኜ" ተብሎ ነው። ሶኜ የሠዓሊው የአሜዴ ኦዛንፋን የብዕር ስም ነበር።

ሁለተኛው፣ አንዱን መጽሐፍ ሁለት መጽሐፍ አድርጎ መግዛት ነው። የፍሬድሪክ ኤቼልስ የ1927 ትርጉም ("Towards a New Architecture") እና የጆን ጉድማን የ2007 ትርጉም ("Toward an Architecture") ርዕሳቸው ይለያያል። ለጥናት ከሆነ እኔ የጉድማንን እመርጣለሁ፤ ለፈረንሳይኛው ይቀርባል፣ የዣን-ሉዊ ኮኸን ሰፊ መግቢያም አለው። የኤቼልስ ግን የእንግሊዝኛ አንባቢዎች ለሰማንያ ዓመት ያህል ያወቁት ነው። እሱም አይናቅም።

ትልቁ ስህተት ፎቶዎቹን ሳያዩ መግዛት ነው። ይህ መጽሐፍ የሚከራከረው በምስል ነው። ስለ መኪና በሚያወራው ምዕራፍ ላይ ሁለት የጥንት ግሪኮች ቤተ መቅደሶች፣ የፔስቱሙ (ጣሊያን) እና የአቴንሱ ፓርተኖን፣ ጎን ለጎን ይታያሉ። ከሥራቸው የ1907 ሀምበርና የ1921 ደላዥ መኪኖች አሉ። መቅደሱ ከፔስቱም ወደ ፓርተኖን እንደተሻሻለ መኪናውም እየተሻሻለ ሄደ ማለቱ ነው፤ ይህን የምትረዱት አራቱን በአንድ ዓይን ስታዩ ነው። በደካማ ስካን በታተሙ ቅጂዎች ላይ ፎቶዎቹ ጠቁረው ጭራሽ አይለዩም። አንድ ገጽ ከተቀደደ ደግሞ ንጽጽሩ የለም። ስለዚህ ሻጩን እነዚያን ገጾች ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት፤ ለመጠየቅ አትፈሩ። በሌላ በኩል፣ በቦነስ አይረሱ የእህል ጎተራ ፎቶ ላይ በጣሪያው ላይ የነበሩት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ባይታዩ የኅትመት ጉድለት አይደለም። ለ ኮርቡዚዬ ራሱ ነው ያጠፋቸው።

ሻጋታ የሚሸት ቅጂ ይቅርባችሁ፤ ሌሎቹንም መጻሕፍት ይበክላል። በእርሳስ የተጻፈ ማስታወሻ ግን ምንም አይደል፣ እንዲያውም የቀድሞውን አንባቢ ሐሳብ ያሳያል። ማርከር ነው የሚያስጠላው።

ሀገራችንን የሚመለከት አንድ ነገርም አለ። ለ ኮርቡዚዬ ለአዲስ አበባ ንድፍ ሠርቶ ለጣሊያን ባለሥልጣናት እንደላከ የሰማ ሰው ንድፉን እዚህ ውስጥ ይፈልጋል። አይገኝም። ንድፉ የ1936 ነው፤ መጽሐፉ ከወጣ ከ13 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እሱን የምታገኙት በወረራው ዘመን ስለነበረው የከተማ ፕላን በተጻፉ ጥናቶች ውስጥ ነው።