አዳማ ላይ ኮንዶሚኒየምዎ አልሸጥ ካለ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ገዢ ይመጣል፣ ክፍሎቹን ያያል፣ «እንነጋገራለን» ብሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ስልክ አያነሳም። ይሄ ሦስት አራቴ ሲደጋገም ባለቤቱ ወይ ዋጋ ይቀንሳል፣ ወይ ጂፕሰም ያሠራል። እኔ ሁለቱንም ከማድረግዎ በፊት እነዚያ ሰዎች ምን አይተው እንደሸሹ ይወቁ እላለሁ። ቤት የሚገዛ ሰው ያለ የሌለ ጥሪቱን ይዞ ነው የሚመጣው። አንድ የተደበቀ ነገር ካገኘ «ያላየሁትስ ስንት ይሆን?» ማለቱ አይቀርም። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህንን ጥርጣሬ የሚጭሩ ናቸው።

እርጥበትን በቀለም መሸፈን

የከፋው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

መታጠቢያ ቤቱን ከመኝታ ቤቱ የሚለየውን ግድግዳ ዝቅ ብለው ይዩት። ከወለሉ ከፍ ብሎ ቀለሙ አብጧል። በጣት ሲነኩት ይላቀቃል፣ ከሥሩም ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ይረግፋል። ውሃ በግድግዳው ውስጥ ሲያልፍ ከልስኑ አሟሙቶ ያወጣው ጨው ነው። ውሃው ይተናል፣ ጨው ላዩ ላይ ይቀራል። ብዙ ሰው ታዲያ ቀለም ቀቢ ጠርቶ በግማሽ ቀን ያስቀባዋል። ውሃው ግን መች ቆመ? ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው ቦታ እንደገና ያብጣል።

ገዢም ሞኝ አይደለም። ሦስቱ ግድግዳ አሮጌ ሆኖ አንዱ ብቻ አዲስ ከተቀባ መዳፉን የሚያሳርፈው እዚያው ላይ ነው። «እትዬ፣ ይሄ ግድግዳ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ኧረ ምንም፣ ልጆች አቆሽሸውት ነው» የሚል መልስ ሲሰማና ግድግዳው ቀዝቀዝ ሲለው ነገሩ እዚያው አለቀ።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይፈልጉ። ውሃ ባለበት ሌሊት፣ ታንከሩ ከሞላ በኋላ፣ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው የቆጣሪውን ቁጥር ይመዝግቡ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ መልሰው ይዩት። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሚያፈስ ቧንቧ አለ ማለት ነው። ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ሻወሩ ጋ ባሉት ሴራሚኮች መካከል ያለው ሙሌት ተሰነጣጥቆ፣ ወይም የፍሳሽ መስመሩ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ከላይ ያለው ጎረቤት መታጠቢያ ቤትም ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ በሰላም አንኳኩተው ይነጋገሩ፤ ከገዢ ፊት መጨቃጨቅ ከዚህ ይብሳል።

ምንጩ ሲዘጋ የላላውን ልስን እስከ ብሎኬቱ አስፍቀው ይተዉት። የአዳማ አየር ደረቅ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ቢሆንም መስኮት ከፍቶ ሁለት ሦስት ሳምንት መታገስ ነው። ከዚያ ልስን፣ ስቱኮ፣ ቀለም። ግድግዳው ተፍቆ ሳለ ፎቶ ያንሱት። ገዢ ሲጠይቅ «እዚህ ጋ ያፈስ ነበር፣ እንዲህ አድርገን አስጠገንነው» ብለው ያሳዩት። እንዲህ ያለ መልስ የሰማ ሰው ስለ ሌላውም ነገር ያምንዎታል።

ሽታን በሌላ ሽታ ማባረር

ገዢ ሊመጣ ሲል ሽቶ መርጨት፣ ዕጣን ማጨስ የተለመደ ነው። ዕጣኑ መልካም ነው፣ ከመጠን ሲያልፍ ግን «ምን ሊደብቁ ነው?» ያሰኛል።

ተከራይ ለቆ ባዶ የከረመ ቤት የሚሸተው ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ሆኖ አይደለም። በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ማፍሰሻና በሲንኩ ሥር ያለው ሲፎን (ጎበጥ ያለው ቱቦ) ውስጥ ሁልጊዜ የሚቀር ትንሽ ውሃ አለ። ከፍሳሽ ቱቦው የሚመጣውን ሽታ የሚያግደው ያ ውሃ ነው። ቤቱ ሰው ካልኖረበት ውሃው ይተናል፤ በአዳማ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ይተናል። ያኔ ሽታው በቀጥታ ወደ ቤት ይገባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በየማፍሰሻው አንድ አንድ ጆግ ውሃ ያፍስሱ፣ ከላዩ ጥቂት የምግብ ዘይት ጠብ ያድርጉበት። ዘይቱ ትነቱን ያዘገየዋል። ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ በየሳምንቱ መድገም አለብዎት። ይህን አድርገውም ሽታው ካልጠፋ ቧንቧ ሠራተኛ ይጥሩ።

የውሃውን ነገር ማድበስበስ

አዳማ ቤት የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው ቧንቧ ነው። ፈረቃ እንዳለ ያውቃል፣ የቧንቧ ግፊቱም አራተኛ ፎቅ ላይ እንደ ምድር ቤት እንደማይሆን ያውቃል። «ውሃ እዚህ ጠፍቶ አያውቅም» የሚል ሻጭ ስለዚህ ራሱን ይጎዳል። በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ ጠዋት ይሁን ሌሊት፣ ታንከሩ ስንት ቀን እንደሚያቆይ በግልጽ ይናገሩ። ታንከር ካለዎት አሳጥበው፣ ክዳኑን ገጥመው ያሳዩ። ከሌለዎትና ለማደሻ የያዙት ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ታንከሩን ይግዙ።

በጠራራ ፀሐይ፣ መስኮት ዘግቶ ማሳየት

ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ስምንት ሰዓት አካባቢ፣ ወደ ምዕራብ የዞረ ሳሎን ውስጥ አምስት ደቂቃ መቆም ከባድ ነው። ገዢው ላቡን እየጠረገ ስለ ክፍሎቹ ስፋት ሊያስብ አይችልም። ጠዋት፣ ወይም አመሻሽ ላይ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ይቅጠሩት። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ የሚወርድ ገዢ ካለ በጠዋት እንዲነሳ ይለምኑት። ከመድረሱ በፊት ትይዩ ያሉትን መስኮቶች ከፍተው አየር ያናፍሱ። ወፍራሙን ከፋይ መጋረጃ አውርደው በስስ ይለውጡት።

ነፋሱን ግን አይርሱ። ከከተማዋ ወጣ ብለው የቆሙት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ 51 ሜጋ ዋቱ አዳማ 1 እና 153 ሜጋ ዋቱ አዳማ 2፣ እዚህ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ያው ነፋስ በመስኮትዎ ስንጥቅ አቧራ ይዞ ይገባል። የመስኮቱን ደፍ በጣት ጠረግ አድርጎ ጣቱን የሚያይ ገዢ አለ። ያረጀውን የመስኮት ጎማ ያስለውጡ፣ የተሰነጠቀ መስታወት ካለ ያስቀይሩ፣ የሚያሳዩ ቀን ጠዋት ደፉን በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ። ወጪው ትንሽ ነው፣ ቤቱ ግን የተጠበቀ ይመስላል፤ መጠበቅም አለበት።

ገንዘብን ጌጥ ላይ ማፍሰስ

የኮንዶሚኒየም ጣሪያ እንደ ቪላ ከፍ ያለ አይደለም። በላዩ ድርብርብ ጂፕሰምና ባለቀለም መብራት ሲጨመርበት ክፍሉ ጭራሽ ይዘቅጣል። የእርስዎ ምርጫ ገዢው ማፍረሻ የሚከፍልበት ነገር ሊሆንም ይችላል። ያንን ብር ለማይዘጋው በር፣ ለሚንቀጠቀጠው የበር እጀታ፣ ለተቃጠለው ማብሪያ ማጥፊያ፣ ለሚያንጠባጥበው ቧንቧ ያውሉት። ግድግዳውን ነጣ ያለ አንድ ዓይነት ቀለም ያስቀቡ።

ክፍል ለማስፋት ግድግዳ ማፍረስንማ አይሞክሩት። የጋራ ሕንፃ ነው። ገዢውም «ከላይ ያለውን የተሸከመው ግድግዳ ቢሆንስ?» ብሎ መፍራቱ ትክክል ነው።

ቤቱ ከበሩ ይጀምራል ብሎ ማሰብ

ገዢው የእርስዎን ሳሎን ከማየቱ በፊት ደረጃውን ይወጣል። አምፖል የሌለው ኮሪደር፣ ደረጃ ሥር የተከመረ አሮጌ ፍራሽ፣ በየፎቁ የቆመ የቆሻሻ ባልዲ ያያል። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ልቡ ግማሹን ወስኗል። ደረጃና ኮሪደር የነዋሪው ሁሉ የጋራ ንብረት ስለሆነ «የእኔ ሥራ አይደለም» ማለት ይቀናል። አምፖሉን ግን እርስዎ ይግዙ። ጎረቤት ቡና ጠርተው «ቤቴን ልሸጥ ነው፣ እስቲ ይህችን ደረጃ እናጽዳት» ቢሉ እምቢ የሚል አይኖርም። የብሎኩ ማኅበር ካለ ደግሞ በእሱ በኩል ይሂዱ።

ተከራይ ካለም እንዲሁ ነው። ሳይነግሩት ገዢ ይዘውበት አይግቡ። ቀን ይስማሙ፣ ላደረገውም ትብብር ከኪራዩ ትንሽ ይቀንሱለት። የተከፋ ተከራይ የቤቱን ጉድለት ሁሉ ለገዢው ይዘረዝራል።

ጨለማ ፎቶ፣ አሥር ደላላ

ቴሌግራም ላይ የሚወጣው ፎቶ ብዙ ጊዜ ማታ የተነሳ፣ ሶፋና ቡፌ ያጨናነቀው ሳሎን ነው፤ በረንዳው ላይ ደግሞ ልብስ ተሰጥቷል። ጠዋት፣ መጋረጃ ከፍተው፣ ከክፍሉ ጥግ ሆነው፣ ስልኩን ደረትዎ አካባቢ ይዘው ያንሱ። የማያስፈልገውን ዕቃ አስቀድመው ዘመድ ቤት ያስቀምጡ። መታጠቢያ ቤቱንም ያንሱ፤ ከፎቶው ከቀረ ሰው የከፋውን ይጠረጥራል።

ያንኑ ቤት ለአሥር ደላላ መስጠት ሌላው ጥፋት ነው። አንዱ ጨምሮ፣ አንዱ ቀንሶ ይለጥፈዋል። ገዢው አንድ ቤት በሦስት ዋጋ ሲያይ ወይ ማጭበርበር አለ ይላል፣ ወይ ዝቅተኛውን ይዞ ይከራከርዎታል። ለአንድ ወይም ለሁለት ታማኝ ደላላ ይስጡ፣ ዋጋውን ራስዎ ቁርጥ አድርገው ይንገሯቸው፣ አሮጌውን ማስታወቂያም ያስጠፉ።

ወረቀቱን ለኋላ መተው

ቤቱን ወድዶ የመጣ ገዢ «ካርታው ባንክ ነው ያለው»፣ «ባለቤቴ ውጭ አገር ነው» ሲባል ይቀዘቅዛል። የባንክ ዕዳ ካለ ስንት እንደቀረ የሚገልጽ ደብዳቤ አስቀድመው ያውጡ። የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ከሆነ ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም፤ አንዱ ሩቅ ካለ ውክልናው አሁን ይዘጋጅ። የመብራትና የውሃ ክፍያ ደረሰኞችን በአንድ ፋይል ያኑሩ። ካርታው ላይ ያለው የብሎክና የቤት ቁጥር በርዎ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑንም ቀጣዩ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ያረጋግጡ።