ለቡና መፈልፈያው ትክክለኛውን ኩሽኔታ ያገኘሁበት መንገድ
ጅማ ውስጥ የምንጠቀምበት የቡና መፈልፈያ ማሽን የዘንግ ኩሽኔታ (ዘንጉ በቀላሉ እንዲሽከረከር ደግፎ የሚይዘው ባለ ኳስ ቀለበት) ተሰብሮ ሥራ በቆመ ጊዜ መፍትሔ የሆነልኝ፣ የማሽኑን ስም ብቻ ሰምተው «ይሆናል» የሚሉ ሻጮችን ትቼ በቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር መከተሌ ነው። ቁጥሩ 6205 ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ የውስጡን ቀዳዳ ስፋት 25 ሚሊ ሜትር ይሰጣሉ፤ የውጭው ስፋት 52፣ ውፍረቱም 15 ሚሊ ሜትር ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ምልክትም ሊናቅ አይገባም፤ የገለባ ብናኝ በሚበዛበት ቦታ በሁለቱም ወገን የጎማ መከለያ ያለውን «2 አር ኤስ» መምረጥ ይገባል ባይ ነኝ። ከመርካቶ ነጋዴዎች የመረጥሁት፣ ዋጋው ከፍ ቢልም፣ ከክፍያ በፊት የቀለበቱን ጽሑፍ ፎቶግራፍ የላከልኝንና ልኩ ካልገጠመ እንደሚቀይር በደረሰኙ ላይ የጻፈልኝን ነው። ዕቃው ሲደርስ በካሊፐር (የስፋትና የውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ለክቼ ገጠምሁት፤ ማሽኑም ያለ መንቀጥቀጥ እየሠራ ነው።