የውሻዎን ጥርስ በተፈጥሮ ማኘኪያ ሲያጸዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጣም ጠንካራ ነገር መስጠት

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ብዙ ሰው ማኘኪያው በጠነከረ ቁጥር ጥርስ የበለጠ የሚጸዳ ይመስለዋል። የአጋዘን ቀንድ፣ የከብት ሰኮናና የእግር አጥንት ግን ጥርስ ይሰብራሉ። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ከላይ በጎን በኩል ያለው ትልቁ ጥርስ ነው፤ ውሻ ጠንካራ ነገር ሲያገኝ የሚያደቀው በእሱ ነውና። የጥርሱ የውጪ ገጽ ተሰንጥቆ ይነሳል፣ ውስጡ ያለው ነርቭ ይጋለጣል። ውሻው ግን እንደ ወትሮው መብላቱን ሊቀጥል ይችላል። ውሾች የጥርስ ሕመምን ችለው ዝም ይላሉ። የጥርሱ ሥር ከዓይን በታች ስለሚደርስ፣ ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው አንዳንዴ ከዓይኑ ሥር ሲያብጥ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። የአውራ ጣትዎን ጥፍር ማኘኪያው ላይ ጫን ያድርጉት። ምልክት ካልተወ አይስጡት። ጥሩ ማኘኪያ ሲነከስ ትንሽ የሚለጠጥ፣ ጥርስ ጠለቅ ብሎ የሚገባበት ነው፤ እንደ ደረቅ ጅማት ያለ። ጥርስ የሚጸዳው ማኘኪያው ጎን ጎኑን እየፈተገ ሲያልፍ ነው። ጥርሱ ካልገባበት፣ ድድ አጠገብ ያለው ቆሻሻ እንዳለ ይቀራል።

የበሰለ አጥንት

በፍጹም አይስጡ። ሲሰበር ስለታም ስንጥር ይሆናል፤ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ጥሬውም ቢሆን ጥርስ መስበሩ አይቀርም፣ እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ባክቴሪያዎችንም ይዞ ይመጣል።

ሰጥቶ ዞር ማለት

አደጋው ያለው መጨረሻዋ ቁራጭ ላይ ነው። ውሻው ሲያኝክ ቆይቶ፣ ማኘኪያው ሲያጥርና ሲለሰልስ በአንዴ ሊውጠው ይሞክራል። በተለይ ሌላ ውሻ አጠገቡ ካለ ይቸኩላል። ሲጀመር ከአፉ የሚበልጥ ይምረጡ፣ እያኘከ አጠገቡ ይሁኑ፣ ሊዋጥ ወደሚችል መጠን ሲደርስ ይውሰዱበት። ግን አይንጠቁት። የሚወደውን ነገር አሳይተው ይለውጡት፤ አለዚያ በሌላ ጊዜ ሲቀርቡት ቶሎ መዋጥን ይማራል።

የደረቀውን ቆሻሻ ማኘክ ያስለቅቀዋል ብሎ መጠበቅ

ጥርስ ላይ በየቀኑ ፕላክ የሚባል ስስ የባክቴሪያ ሽፋን ይሠራል። ማኘክ የሚረዳው ይህን ለመቀነስ ነው። ፕላኩ በቀናት ውስጥ ከምራቅ በሚያገኘው ማዕድን ይጠነክርና ቢጫ ወይም ቡናማ ታርታር ይሆናል። ይህን የደረቀውን ማኘክ ያስለቅቀዋል ብለው አይጠብቁ። ከድድ በታች የገባውን ደግሞ የትኛውም ማኘኪያ አይደርስበትም። ጥርስን የያዘውን አጥንት የሚበላው በሽታ ያለው እዚያ ነው። ድዱ ከቀላ፣ አፉ ከሸተተ፣ በአንድ ጎን ብቻ ካኘከ ማኘኪያውን ያቆዩትና መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይይው። ሽታውን «የውሻ አፍ ነው» ብለው እባክዎ አይለፉት።

ብሩሹን መተው

ማኘኪያ አጋዥ ነው። በየቀኑ መቦረሽን የሚተካ ነገር የለም። ለመጀመር የጥርሱን የውጪ ገጽ ብቻ ቢቦርሹ ትልቅ ነገር ነው። የሰው የጥርስ ሳሙና ግን አይሆንም፤ ውሻ አይተፋውም፣ ይውጠዋል። አንዳንዱ ላይ ያለው ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው። ለውሻ ተብሎ የተሠራውን ይጠቀሙ።

ማኘኪያን ከምግብ አለመቁጠር

ከዋናው ምግብ ውጪ የሚሰጠው ነገር ሁሉ ከዕለቱ ካሎሪ 10 በመቶ ባያልፍ ይመረጣል። የአሳማ ጆሮ በጣም ስብ አለው፤ ቆሽቱ ለሚታመም ውሻ አይሆንም። በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሰዎችን ያሳመመ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ መነሻው ለውሻ የሚሸጥ የአሳማ ጆሮ ነበር። ስለዚህ ማኘኪያ ከነኩ በኋላ እጅዎን ይታጠቡ፣ ልጆችንም ያስታጥቡ።

ለቡችላ የትልቅ ውሻ ማኘኪያ መስጠት

28ቱ የወተት ጥርሶች ስስ ናቸው፣ በቀላሉ ይሰበራሉ። እስከ 6 ወር ገደማ እስኪለወጡ ድረስ ለቡችላ የተሠራ ለስላሳ ማኘኪያ ይበቃዋል።